የአገራችንን ስም የያዙ ሰርጓጅ መርከቦችና የባሕር ሥዕል

መግቢያ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለ ሰጠሙ መርከቦች የተዘጋጀ መጽሐፍ የሚያገላብጥ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ከኢጣልያ ክፍል ሲደርስ መደንገጡ አይቀርም። ጎንደር፥ መስከረም 20 ቀን 1933 ዓ.ም. በእስክንድርያ አጠገብ ሰጠመች። ተምቤን፥ ሐምሌ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. በሲሲልያና በቱኒዝያ መካከል ሰጠመች። ዓድዋ፥ መስከረም 20 ቀን 1934 ዓ.ም. በምዕራብ ሜዲትራኒያን ሰጠመች። ደሴ፥ ኅዳር 19 ቀን 1935 ዓ.ም. ከአልጄርያ ጠረፍ በስተሰሜን ሰጠመች። እኛም ይህን ዝርዝር በመጀመሪያ ጊዜ ስናነብ ማተሚያ ቤቱ የተሳሳተ መስሎን ነበር። ጎንደርና ደሴ ተራራ ላይ የተቀመጡ ከተሞች እንጂ ባሕር ውስጥ የሚሰጥሙ ነገሮች አይደሉምና።

ነገሩ ግን ስሕተት አልነበረም። የፋሺስት መንግሥት አገራችንን ከወረረ በኋላ ላሠራቸው ሰርጓጅ መርከቦች የሰጣቸው ስም የኛው የተራራ፥ የሐይቅ፥ የወንዝና የከተማ ስም ነበር። ይህን አጭር ጥናት ያዘጋጀነው ሁለት ጥያቄዎችን ለመመርመር ነው። አንደኛው፥ እነዚህ መርከቦች እነማን ናቸው፥ መጨረሻቸውስ ምን ሆነ? የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሠዓልያን ሰርጓጅ መርከብን እንዴት አድርገው ሣሉት፥ ለታሪክ ተማሪስ ሥዕሉ ምን ይነግረዋል? የሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ቢመስሉም በመጨረሻ በአንድ ነጥብ እንደሚገናኙ ለማሳየት እንሞክራለን። «ዓ.ም.» ያልንበት ሁሉ የኢትዮጵያ፥ «እ.ኤ.አ.» ያልንበት ደግሞ የአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

፩. የማይታየውን መሣል

በሐዋሳ አዲስ ከተማ የምንኖር ሰዎች ባሕርን የምናውቀው በመጽሐፍ ነው፤ ሐይቅን ግን በዓይናችን እናውቀዋለን። ማለዳ ወደ ሐይቁ የወረደ ሰው ዓሣ አጥማጆቹ ከማዕበል ይልቅ የሚፈሩት ጉማሬን መሆኑን ይሰማል። ጉማሬ ሲዋኝ ከውሃው በላይ የሚታየው ዓይኑ፥ ጆሮውና አፍንጫው ብቻ ነው፤ ታንኳ የሚገለብጠው ግዙፍ ሰውነቱ ከታች ተሰውሯል። ይህን እንስሳ እንዳለ ሣል የተባለ ሰው ይቸገራል። እንደሚታየው ከሣለው ሦስት ጥቁር ነጠብጣቦች ብቻ ይሆኑበታል፤ ሙሉ ሰውነቱን ከሣለው ደግሞ ማንም ያላየውን ሣለ ማለት ነው። የሰርጓጅ መርከብ ሠዓሊም የገጠመው ችግር ይኸው ነው። መርከቧ የተሠራችው እንዳትታይ ነውና።

በባሕር ውስጥ ስለ መውረድ ማሰብ ለኛ ሥነ ጽሑፍ እንግዳ አይደለም። በግዕዝ በተጻፈው የእስክንድር ታሪክ ንጉሡ በመስተዋት ሣጥን ሆኖ ወደ ባሕር እንደ ወረደና የባሕሩን አራዊት እንዳየ ይነበባል። የሚገርመውም፥ ይህን የግዕዝ ታሪክ ዋሊስ በጅ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ተርጉሞ በሎንዶን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1896 ማለት የዓድዋ ጦርነት በተደረገበት ዓመት ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሣጥኑ የሚያስፈልገው ለማየት ነው። ሰው ወደ ጥልቁ የሚወርደው የእግዚአብሔርን ሥራ አይቶ ለመደነቅ ነው። ኋላ የተሠሩት የጦር ሰርጓጆች ግን ይህን ሐሳብ ገለበጡት፤ ሰው ወደ ጥልቁ የሚወርደው እንዳይታይ፥ ሳይታይም ለመግደል ሆነ።

የጦር ሰርጓጅ ሙከራ በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1776 ዴቪድ ቡሽኔል በሠራት «ኤሊ» በተባለች የአንድ ሰው ጀልባ ተጀመረ ሊባል ይቻላል። ሙከራዋ አልተሳካም። የጠላትን መርከብ በእውነት ያሰጠመችው የመጀመሪያዪቱ ሰርጓጅ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የደቡቦቹ የነበረችው ሃንሊ ናት። ሃንሊ በስምንት ሰዎች ጉልበት ትንቀሳቀስ ነበር፤ ከመካከላቸው ሰባቱ በእጃቸው ዘንግ እያዞሩ ይገፏታል፥ ስምንተኛው ይመራታል። ለውጊያ ከመሰለፏ በፊት ሁለት ጊዜ ሰጥማ 13 ሰዎች ገደለች። እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 1864 በቻርልስተን ወደብ ፊት ሁሳቶኒክ የተባለችውን የጦር መርከብ አሰጠመች፤ ራሷም ከስምንቱ ሰዎች ጋር አልተመለሰችም። እንግዲህ ጠላት በዚያ ሌሊት ያጣው 5 ሰው ሲሆን፥ ሃንሊ በጠቅላላው የገዛ ወገኖቿን 21 ሰዎች በልታለች።

ኮንራድ ዋይዝ ቻፕማን የተባለ ወታደር ሠዓሊ ይህችን መርከብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1863 አይቶ ንድፏን አነሣ፤ ሥዕሉም እስከ ዛሬ አለ። በሥዕሉ ላይ ሃንሊ የምትታየው ግን በባሕር ውስጥ አይደለም፤ ከውሃ ወጥታ በምድር ላይ ተቀምጣ ነው። ሠዓሊው ሐቀኛ ነበር፤ ያየውን ብቻ ሣለ። ሆኖም የሣላት መርከብ ሥራ ላይ ያለች መርከብ አይደለችም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሠዓልያን ሦስት መንገዶችን ተከተሉ። የመጀመሪያው መንገድ መርከቧን ወደ ላይ አውጥቶ በማዕበል መካከል መሣል ነው። ጀርመናዊው ክላውስ በርገን እ.ኤ.አ. በ1917 ዩ-53 በተባለችው ሰርጓጅ ተሳፍሮ ወደ አትላንቲክ ወጥቶ ነበርና፥ ሥዕሎቹ ውሃው የሚገርፋቸውን መርከበኞች ያሳያሉ። ሁለተኛው መንገድ መርከቧን እንደ ሽንኩርት ሰንጥቆ ውስጧን ማሳየት ነው፤ ይህን ብዙ ጊዜ የመጽሔት ሠዓልያን ያደርጉታል። ሦስተኛው መንገድ ሰርጓጇን ጨርሶ አለማሳየት፥ ያደረሰችውን ጥፋት ብቻ ማሳየት ነው። ሉሲታንያ የተባለችው የመንገደኞች መርከብ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1915 በጀርመን ሰርጓጅ ተመትታ ከ1,100 ሰዎች በላይ ካለቁ በኋላ፥ ፍሬድ ስፒር የተባለ አሜሪካዊ በሠራው ማስታወቂያ ላይ የሚታየው ሕፃን ታቅፋ ወደ ጥልቁ የምትወርድ ሴት ብቻ ናት። ሰርጓጇ የለችም፤ ግን ተመልካቹ ሁሉ ያያታል።

ሦስቱንም መንገዶች ስናስተያይ የምንረዳው ነገር አለ። ሰርጓጅ መርከብ ለተመልካች የራሷ መልክ የላትም። መልክ የሚሰጣት ሠዓሊው፥ ሠዓሊውንም ያሠማራው መንግሥት ነው። የመጀመሪያው መልኳ ደግሞ ከሥዕል በፊት የሚሰጣት ስሟ ነው።

፪. ስሞቹ ከየት መጡ?

ኢጣልያ በእርስዋ አነጋገር «የዓድዋ ክፍል» የተባሉትን 17 ሰርጓጆች እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1938 ባለው ጊዜ ለባሕር ኃይሏ አሠራች። የተሠሩት በሞንፋልኮኔ፥ በላ ስፔትስያና በታራንቶ ነው። እያንዳንዷ 60 ሜትር ያህል ርዝመት፥ ስድስት የቶርፒዶ መተኮሻ ቱቦና 45 ያህል መርከበኞች ነበሯት። ከውሃ በላይ በሰዓት 14 ኖት፥ ከውሃ በታች ግን የዚህን እኩሌታ ያህል ትጓዝ ነበር።

ከ17ቱ ስሞች ቢያንስ 13ቱ ከኢትዮጵያ የተወሰዱ ናቸው፤ ዓድዋ፥ አክሱም፥ አራዳም፥ አላጌ፥ አሸንጌ፥ ደጋሐቡር፥ ደሴ፥ ጎንደር፥ መቀሌ፥ ነገሌ፥ ሽሬ፥ ተምቤን፥ ዋቢ ሸበሌ። ከቀሩትም በይሉል ከኤርትራ ጠረፍ፥ ላፎሌና ዋርሼክ ከሶማልያ የመጡ ናቸው።

ይህን ዝርዝር በካርታ ላይ ያስቀመጠ ሰው የወረራውን መንገድ ያገኛል። የፋሺስት ጦር ዓድዋን የያዘው መስከረም 25 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በተምቤንና በአምባ አራዳም በጥርና በየካቲት ወር ከባድ ውጊያ ሆነ፤ በተምቤን የመርዝ ጢስ ተረጨ። ሽሬ ተከተለ። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን ከተደረገ በኋላ የሚያፈገፍገው ሠራዊታችን በአሸንጌ ሐይቅ ዳር በአውሮፕላን ተደበደበ። ጎንደርና ደሴ በመጋቢትና በሚያዝያ ወር ተያዙ። እንግዲህ የመርከቦቹ ስም ዝርዝር ራሱ አንድ ትልቅ ሥዕል ነበር ማለት ነው፤ ሥዕሉም አሸናፊው ለራሱ የሣለው ነው።

ከስሞቹ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ዓድዋ የሚለው ነው። ዓድዋ በዓለም ሁሉ ዘንድ የሚታወቀው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በሆነው ነገር ነው። ያንን ስም በጦር መርከብ ላይ ማድረግ ድሉን ለማስረሳት የተደረገ ሙከራ ነበር። አላጌና መቀሌም እንዲሁ በ1888 ዓ.ም. ኢጣልያ የተሸነፈችባቸው ቦታዎች ናቸው። ስሙ አንድ ሆኖ ሳለ፥ ለኛ ድል፥ ለእነርሱ የተበቀሉት ቂም ማለት ሆነ።

፫. የነገሌ ነገር

እኛ በደቡብ የምንኖር ስለ ሆንን፥ ከስሞቹ ሁሉ ልባችንን የነካው ነገሌ ነው። ነገሌ ቦረና በማርሻል ግራዚያኒ ጦር የተያዘችው ራስ ደስታ ዳምጠው ይመሩት የነበረው ሠራዊት በገናሌ ዶርያ ከተሸነፈ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 1936 ነው። ግራዚያኒ ኋላ «የነገሌ ማርኬዝ» የሚል ማዕርግ ተሰጠው። ራስ ደስታም ከዚያ በኋላ በሲዳሞ እየተዋጉ ቆይተው በየካቲት 1929 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ።

ነገሌ የተባለችው ሰርጓጅ እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 1941 በኤጌ ባሕር የእንግሊዝ ጭፍራ መርከቦችን ካጠቃች በኋላ ግሬይሃውንድ በተባለችው አጥፊ መርከብ ተደብድባ ከነመርከበኞቿ ሰጠመች፤ አንድ ሰው እንኳ አልተረፈም።

በአውሮፓ አቆጣጠር በሁለቱ ቀኖች መካከል አምስት ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ይጎድላል። በኛ አቆጣጠር ስንመልሰው ግን፥ ከተማዪቱ የተያዘችው ጥር 11 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ መርከቢቱ የሰጠመችው ደግሞ ጥር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ሆኖ ይገኛል። ልዩነቱ የመጣው 1927 ዓ.ም. የሉቃስ ዓመት ሆኖ ጳጉሜን ስድስት ቀን በመሆኗ ነው። ሁለቱም ቀን የጥምቀት ዕለት ነበር። በማግሥቱ፥ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፥ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኦሜድላ ገብተው ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ።

ይህ ከአጋጣሚ የበለጠ ነገር ነው አንልም። የታሪክ ተማሪ ቀንን ከቀን እያስተያየ ትንቢት ማውጣት አይገባውም። ልናስተውለው የሚገባን ሌላ ነገር ነው። ይህን መግጠም በአውሮፓውያን መጻሕፍት ብቻ ያነበበ ሰው ሊያየው አይችልም፤ ቀኖቹን ወደ ራሱ አቆጣጠር የመለሰ ሰው ግን ወዲያው ያየዋል። ታሪካችንን በራሳችን ዓይን ማንበብ ምን እንደሚጠቅም ይህ ትንሽ ምሳሌ ነው።

፬. በቀይ ባሕር

ኢጣልያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጦርነት ባወጀች ጊዜ በምፅዋ ወደብ ስምንት ሰርጓጆች ነበሯት። ምፅዋ ዛሬ የኤርትራ ወደብ ናት። ከስምንቱ የዓድዋ ክፍል የሆነችው አንዲት ብቻ ነበረች፤ እርስዋም መቀሌ ናት።

መቀሌ ወደ ፖርት ሱዳን አቅጣጫ ወጣች። በዚያ በሰኔ ሐሩር አየሩን የሚያቀዘቅዘው መኪና ይጠቀምበት የነበረው ሜቲል ክሎራይድ የተባለ ጋዝ ከቱቦው አፈተለከ። ይህ ጋዝ ይህ ነው የሚባል ሽታ ስለሌለው መርከበኞቹ ሳያውቁት ተመረዙ፤ አእምሮአቸው ታወከ። አቅጣጫቸውን ስተው ሰኔ 8 ቀን በር ሙሳ ከቢር ከተባለች ደሴት ድንጋይ ጋር ተጋጩ። ሰዎቹ ወደ ደሴቲቱ ወጡ፤ መርከቢቱም ወደ ጥልቁ ተንሸራተተች። ጥቂቶቹ በትንሽ ጀልባ እየቀዘፉ ሄደው ዕርዳታ ስለ ጠሩ፥ የቀሩትን ሌላ ሰርጓጅ መጥታ ወሰደቻቸው። መቀሌ አንድም ጠላት ሳታይ በአምስት ቀን ጠፋች።

ከአራት ቀን በኋላ ጋሊሌዮ ጋሊሌይ የተባለችው ሰርጓጅ በኤደን አጠገብ ሙንስቶን ለተባለች ትንሽ የእንግሊዝ የጥበቃ ጀልባ እጅዋን ሰጠች። በውስጧ የተገኙት ወረቀቶች የሌሎቹን መንገድ ለእንግሊዞች ገለጹላቸው፤ ቶሪቼሊ ሰኔ 16፥ ጋልቫኒ ሰኔ 17 ቀን ጠፉ። ጦርነቱ በተጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከስምንቱ አራቱ አልነበሩም። የቀሩት አራቱ ምፅዋ ልትያዝ ስትል በየካቲት 1933 ዓ.ም. ወጥተው አፍሪካን በሙሉ ዞረው ቦርዶ ገቡ። ምፅዋም መጋቢት 30 ቀን ተያዘች።

እዚህ ላይ የመርዙን ነገር ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። የመቀሌን ስም ለመርከብ ያወጣው ዘመቻ መርዝ ጢስ የተረጨበት ዘመቻ ነበር፤ የመርከቢቱም ሰዎች በመርዝ ጋዝ ታወኩ። ነገር ግን ይህን እንደ ቅጣት አንቈጥረውም። በዚያች ደሴት ላይ በጥማት የተጨነቁት ወጣቶች የመርከባቸውን ስም አልመረጡትም፤ በተምቤን ጢሱን የረጩትም እነርሱ አልነበሩም።

፭. ሥዕሎቹ የሚያሳዩትና የሚሰውሩት

በዚያ ዘመን የኢጣልያ ሕዝብ ጦርነቱን ያየው በአብዛኛው በአኪሌ ቤልትራሜ ብሩሽ ነበር። ይህ ሠዓሊ ከ1899 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ሁለተኛው ጦርነት መገባደጃ ድረስ ላ ዶሜኒካ ዴል ኮሪየሬ ለተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ የፊትና የኋላ ገጽ ሥዕል ሠርቷል። የሚሥለውን ቦታ ሄዶ የሚያይ ሰው አልነበረም፤ ሚላኖ ተቀምጦ በወሬና በፎቶግራፍ እየተመራ የዓለምን ነገር ሁሉ ይሥል ነበር። እንዲህ ያለው ሥዕል ጀግናውን፥ ማዕበሉንና የሚሰጥመውን የጠላት መርከብ ያሳያል። ከቱቦ የሚያፈተልክ ሽታ የሌለው ጋዝ ግን በሸራ ላይ ቀለም የለውም።

በእንግሊዝም በኩል ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ክሩዘሯ ኸርማየኒ ተምቤንን ገጭታ ያሰጠመችበት ሁኔታ በጦርነቱ ዘመን ተሥሏል፤ በሥዕሉ ላይ የትልቋ መርከብ አፍንጫ ሰርጓጇን ሲገጫት ይታያል። ተመልካቹ የእንግሊዝን ብርታት ያያል። ተምቤን የሚለው ስም በአገራችን ሰው የሚኖርበት፥ በ1928 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ገበሬ የወደቀበት ምድር መሆኑን ሥዕሉ ሊነግረው አይችልም።

ከዚህ የተለየ መንገድ የተከተለው እንግሊዛዊው ኤሪክ ራቪሊየስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 እና በ1941 ባዘጋጃቸው የሰርጓጅ ሥዕሎች ያሳየው ድልን አይደለም፤ በጠባብ ክፍል የተጨናነቁትን ሰዎች፥ መሪውን፥ ፔሪስኮፑን የሚመለከተውን አዛዥ ነው። በነዚህ ሥዕሎች ሰርጓጅ መርከብ የሰው መኖሪያ ሆና ትታያለች። እኛ እስካየነው ድረስ ለእውነት የቀረበው መንገድ ይህ ነው።

የኛ ሠዓልያንስ? ስለ ሰርጓጅ ባይሥሉም፥ ስለማይታይ ነገር መሣልን ያውቁበታል። በዓድዋ ጦርነት ሥዕል ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ከደመናው በላይ ይታያል፤ የኛ ሰዎች በሁለት ዓይን፥ ጠላት ግን ፊቱን አዙሮ በአንድ ዓይን ይሣላል። ይህን የሚያይ ሰው ሠዓሊው ለማን እንደሚያደላ ወዲያው ያውቃል፤ ሠዓሊውም አይደብቀውም። የአውሮፓ የባሕር ሥዕል ግን ማዕበሉን እንደ ፎቶግራፍ አስመስሎ ስለሚያሳይ አድልዎው አይታወቅም። ስለዚህ የዓድዋ ሥዕል እንደ ታሪክ ማስረጃ ከባሕሩ ሥዕል ያንሳል የሚሉትን አንቀበልም። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ሣላቸው ወገን ነው፤ የኛው ግን ይህን በግልጽ ይናገራል።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው፥ የአገራችንን ስም የያዙት መርከቦች ታሪክ አንድ ዓይነት አይደለም። አክሱም እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 1942 ወደ ማልታ ይጓዝ የነበረውን የእንግሊዝ ጭፍራ በአንድ ጊዜ በተኰሰቻቸው ቶርፒዶዎች ሦስት መርከቦቹን መታች፤ ሽሬም በታኅሣሥ 1934 ዓ.ም. ወደ እስክንድርያ ባደረሰቻቸው ጠላቂዎች ሁለት ትልልቅ የጦር መርከቦች ተጎድተዋል። እነዚህ በባሕር ጦርነት ታሪክ የታወቁ ሥራዎች ናቸው። በስማቸው ምክንያት ግን ልንኰራባቸው አንችልም፤ በመስጠማቸውም ልንደሰት አይገባንም።

ከ17ቱ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ የቈየችው አንዲት ብቻ ናት፤ እርስዋም አላጌ ትባል ነበር። አምባ አላጌ ደግሞ የኢጣልያ እንደራሴ የነበረው የአኦስታ መስፍን በግንቦት 1933 ዓ.ም. እጁን የሰጠበት ተራራ ነው። ጎንደር የተባለችው መርከብ በ1933 ዓ.ም. መግቢያ ሰጠመች፤ ጎንደር ከተማ ግን የመጨረሻው የኢጣልያ ጦር በኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥባት በቦታዋ ነበረች፤ ዛሬም አለች።

ሰርጓጅ መርከብ እንዳትታይ የተሠራች ስለ ሆነች መልኳን የምታገኘው ከስሟና ከሥዕሏ ነው ብለናል። ስሙ ከኛ ተወሰደ፤ ሥዕሉን ሌሎች ሣሉት። ብረቱ ዝጎ በሜዲትራኒያን ወለል ላይ ተኝቷል፤ ስሙን ግን ውሃው ሊይዘው አልቻለም። በትምህርት ቤቶቻችን ስለ 1928 ዓ.ም. ጦርነት ሲነገር ይህም ዝርዝር አብሮ ቢነበብ መልካም ይመስለናል። ተማሪው ነገሌ ሰጠመች የሚለውን ሲያነብ እንደኛ እንዳይደነግጥ፥ የትኛዪቱ ነገሌ እንደ ሰጠመች፥ የትኛዪቱም እንዳልሰጠመች ለይቶ እንዲያውቅ ነው።